ሪአክተር መግዛትና ሪአክተር መሥራት፦ ደቡብ ኮሪያ ከሌሎች ጋር ተባብራ የተማረችበት መንገድ

በክፍላችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል፤ አንዱ ቦምብ፣ ሌላው ገንዘብ። እኔም ይህን ርዕስ ስይዝ የገባሁት በገንዘቡ በር ነው። አንድ ማመንጫ ስንት ያወጣል? ብድሩስ ከየት ይመጣል? እያልኩ ማንበብ ስጀምር ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ወደቅሁ። ለመሆኑ አንድ አገር የኑክሌር ማመንጫ ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው? ሕንፃውንና ማሽኑን ብቻ ነው ወይስ የአሠራሩንም ዕውቀት? ዕውቀትስ እንደ ዕቃ በገንዘብ ይገዛል?

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያና ሩሲያ በ2019 ሶቺ ላይ በሰላማዊ የአቶሚክ ኃይል አጠቃቀም ለመተባበር ተስማምተው ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ሞስኮ ላይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን የማተኩረው ይህንኑ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት ጠይቃ፣ መልሱን በከፊል ባገኘችው በደቡብ ኮሪያ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1948 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሰሜን ኮሪያ ወደ ደቡብ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መስመር ቆረጠች። ትልልቆቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ያሉት በሰሜን ስለነበር ደቡቡ ላይ የኃይል ረሃብ ወረደ። አሜሪካኖች ኃይል የሚያመነጩ መርከቦችን ወደብ ላይ አቁመው መብራት ይሰጡ ነበር። በ1951 የቃኘው ወታደሮቻችን ቡሳን ወደብ ላይ ሲወርዱ ያገኙት እንዲህ ያለውን አገር ነው። ስለ ቃኘው ስናወራ ጀግንነቱን እናነሳለን እንጂ ያች አገር ያኔ በመብራት ረገድ ምን ትመስል እንደነበር የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

ጦርነቱ ካቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ዎከር ሲስለር የተባሉ የዲትሮይት ኤዲሰን ኩባንያ ኃላፊ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪን አነጋገሩ። እንደሚተረከው ሲስለር አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዘው ገብተው ነበር፤ በውስጧ ዩራኒየምና ድንጋይ ከሰል ይነጻጸሩባታል። ንጽጽሩ በፊዚክስ ክፍል የምናውቀው ነው፤ አንድ ግራም ዩራኒየም 235 ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ የሚሰጠው ሙቀት ሦስት ቶን ገደማ ከሰል ከሚሰጠው ጋር ይመጣጠናል። ፕሬዚዳንቱ መቼ ይደርስልናል ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ዛሬ ሰው ማስተማር ብትጀምሩ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚል ነበር ይባላል። ተረቱ ትንሽ ተቀብቶ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ያን ጊዜ የአንድ ኮሪያዊ አማካይ ዓመታዊ ገቢ ከ100 ዶላር በታች ነበር፤ ሆኖም መንግሥት ወጣቶችን ለኑክሌር ትምህርት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ መላክ ጀመረ። በ1959 የአቶሚክ ኃይል ምርምር ተቋም ተቋቋመ። በ1962 ደግሞ ከአሜሪካ የተገዛች ትሪጋ ማርክ ሁለት የምትባል 100 ኪሎ ዋት የሙቀት ኃይል ያላት የምርምር ሪአክተር ሥራ ጀመረች። አምፖል እንኳ የማታበራ፣ ለማስተማሪያ ብቻ የምትሆን ማሽን ናት። እኔ ግን ታሪኩን የማስጀምረው ከእሷ ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ማመንጫ ኮሪ 1 ይባላል። የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ በተርንኪ ውል ሠራው፤ ተርንኪ ማለት ሻጩ ሁሉንም ነገር ሠርቶ፣ ሞክሮ፣ ለገዢው ቁልፉን ብቻ የሚያስረክብበት ነው። መሠረቱ በ1971 ተጥሎ በኤፕሪል 1978 587 ሜጋ ዋት ይዞ ለንግድ ሥራ ተከፈተ። ወጪው በዚያው ዘመን ከተሠራው ከሴኡል ቡሳን አውራ ጎዳና ወጪ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ አብዛኛውም የውጭ ብድር ነው። ታዲያ ኮሪያውያኑ ከዚህ ምን ተማሩ? ኮንክሪት ማፍሰስ፣ ቱቦ መበየድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማመንጫውን ማንቀሳቀስና መጠገን። ግድግዳው ለምን ይህን ያህል ወፈረ፣ ፓምፑ ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ ለሚለው ግን መልሱ የሻጩ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ የማሽኑን አሠራር በአጭሩ ላስታውስ፤ በኋላ ለምናነሳው ጉዳይ ያስፈልገናል። ሪአክተሩ ውስጥ የዩራኒየም አተሞች ሲሰነጠቁ ሙቀት ይወጣል። ሙቀቱን የሚወስደው ውሃ ከ150 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ተጨምቆ ስለሚያዝ ወደ 320 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶም አይፈላም። ይህ ውሃ የእንፋሎት ማመንጫ ወደሚባለው ግዙፍ ዕቃ ይገባና በቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ በኩል ሙቀቱን ለሌላ ውሃ ያስተላልፋል። ተርባይኑን የሚያዞረው የሁለተኛው ውሃ እንፋሎት ነው። የመጀመሪያውን ውሃ ቀን ከሌት የሚያዞሩት ዋናዎቹ የማቀዝቀዣ ፓምፖች ሲሆኑ፣ መላውን ነገር የሚከታተለውና የሚያዘው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። ፓምፖቹንና መቆጣጠሪያውን ያዙልኝ።

ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ኮሪያ ማመንጫ ማዘዙን አፋፋመችው። በ1983 የካናዳ ስሪት የሆነው ዎልሶንግ 1፣ በ1988ና በ1989 ደግሞ የፈረንሳይ ስሪት የሆኑት ኡልቺን 1ና 2 ገቡ። በመካከሉ የዌስቲንግሃውስ ሌሎች ማመንጫዎች አሉ። የግዢው መንገድም ተለወጠ። ቁልፍ መረከብ ቀርቶ ሥራው ተከፋፍሎ ለየብቻ ይገዛ ጀመር፤ ሪአክተሩ ከአንዱ፣ ተርባይኑ ከሌላው፤ ፕሮጀክቱን የሚመራው ግን የኮሪያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ራሱ። የምህንድስና ሥራውን እንደ ቤክቴል ካሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ጎን ተቀምጠው የሚማሩ ኮሪያውያን መሐንዲሶች ነበሩ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ችግርም አመጣ፤ አገሪቱ የሦስት አገር ማሽኖች ባለቤት ሆና ቀረች። መለዋወጫው የተለያየ፣ የኦፕሬተሩ ሥልጠና የተለያየ፣ ደንቡ የተለያየ። ኤግዚቢሽን እንጂ ኢንዱስትሪ አይመስልም። አንድ የራሳችን መደበኛ ንድፍ ይኑረን የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ድካም ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት በነዳጁ ላይ ነው። በ1985 ከጀርመኑ የሲመንስ ኩባንያ ክፍል ከካ ቬ ኡ ጋር የነዳጅ ንድፍን በጋራ ለመሥራት ተዋዋሉ። ጀርመኖቹ ንድፉን ሠርተው አያስረክቡም፤ የኮሪያ መሐንዲሶች ከእነርሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ይህ የጋራ ንድፍ የሚባለው ዘዴ በነዳጅ ላይ ሲሳካ፣ በሪአክተሩ ላይስ ለምን አይሆንም ተባለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለዮንግዋንግ 3ና 4 ጨረታ ሲወጣ ዓለም የኑክሌርን ነገር ፈርታ ነበር። በ1979 አሜሪካ ውስጥ የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ደርሷል፤ ጨረታው በሚገመገምበት በ1986 ደግሞ ቼርኖቤል ፈነዳ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ትዕዛዝ ቆሟል፤ ሻጮቹ ገበያ ተርበዋል። የኮሪያው ውሳኔ ብልህነት እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ሌላው በሚሸሽበት ሰዓት ገበያ ወጥተው ቴክኖሎጂውን ሁሉ የሚሰጠኝ ማነው? ብለው ጠየቁ። ዌስቲንግሃውስ፣ የፈረንሳዩ ፍራማቶም፣ የካናዳው ድርጅትና ኮምባስሽን ኢንጂነሪንግ የተባለው አሜሪካዊ ኩባንያ ተወዳደሩ። ያሸነፈው የመጨረሻው ነው፤ ቴክኖሎጂ በማስተላለፍ በኩል ከሁሉም ይልቅ እጁን የዘረጋው እሱ ነበርና። ውሉ በ1987 ተፈረመ።

ይህን ውል ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዋናው ተቋራጭ የኮሪያ ከባድ ኢንዱስትሪ ኩባንያ ሲሆን አሜሪካዊው ንዑስ ተቋራጭ ሆነ። ቦታው ተገለበጠ ማለት ነው። ከዚያ ሰነዶቹ፣ የስሌት የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹ፣ ሥልጠናውና ለአሥር ዓመት የመጠቀም መብቱ በውሉ ውስጥ ተካተቱ። ይህን ሁሉ ግን ብዙ አገር በወረቀት ላይ ያገኛል። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። ኮሪያውያኑ የፈለጉት 1000 ሜጋ ዋት ሲሆን ኩባንያው በእጁ የነበረው ሲስተም 80 የሚባለው ንድፍ 1300 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ አሪዞና ውስጥ ፓሎ ቨርዴ ላይ የተተከለው ማለት ነው። ስለዚህ ዝግጁ የሆነ ንድፍ አልነበረም። የነዳጅ እስሮቹ ቁጥር ከ241 ወደ 177 መውረድ ነበረበት።

ቁጥር መቀነስ ቀላል ይመስላል። አይደለም። እስሮቹ ሲቀነሱ ኒውትሮኖቹ የሚሰራጩበት መንገድ ይለወጣል፤ የውሃው ፍጥነት፣ የብረት ማሰሮው ስፋት፣ ቱቦ ቢሰበር የአደጋ ጊዜ ውሃ በስንት ሰከንድ ይደርሳል የሚለው ሁሉ እንደገና ይሰላል። ስሌቱን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ኮሪያዊ ነው። ከ1986 መጨረሻ ጀምሮ የምርምር ተቋሙ መሐንዲሶች ኮኔቲከት ውስጥ ዊንዘር ወደሚገኘው የኩባንያው ቢሮ ሄዱ። የተቋሙ መሪ ሃን ፒል ሱን ሲሸኟቸው የተያዘው መፈክር በንድፍ ቴክኖሎጂ ራስን መቻል የግድ ነው የሚል ነበር። ዝግጁውን ንድፍ ገዝተው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ዊንዘር ውስጥ የሌላ ሰው ወረቀት ሲያነቡ በከረሙ ነበር። ያልተሠራ ነገር ስለተሠጣቸው ግን ለመሥራት ተገደዱ። በእኔ አስተያየት የኮሪያ የቴክኖሎጂ ሽግግር የተሳካው በውሉ አንቀጽ ብዛት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። አገር ቤት ውስጥ ተቃዋሚዎችና የፓርላማ አባላት፣ ተሠርቶ የማያውቅ፣ ከትልቅ ተቆርጦ የተሰፋ ሪአክተር ሕዝብ አጠገብ ልትተክሉ ነው ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሙከራ የሌለው ንድፍ አደጋ አለው። ማመንጫዎቹ በ1995ና በ1996 ሥራ ጀመሩ። ከእነርሱ ተነስቶ የኮሪያ መደበኛ ማመንጫ የተባለው በ1998 ኡልቺን 3 ላይ ተተከለ፤ ያው ንድፍ ሲያድግ ኤ ፒ አር 1400 ሆነ። በዲሴምበር 2009 የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ አራት ኤ ፒ አር 1400 ሪአክተሮችን በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዘዘች። በአቡ ዳቢ ግዛት ባራካ ላይ የመጀመሪያው በ2021፣ አራተኛው በ2024 ለንግድ ሥራ ገቡ፤ አራቱ አንድ ላይ 5600 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩቡን ያህል ይሸፍናሉ። መብራት በመርከብ ይሰጣት የነበረች አገር ለነዳጅ ባለቤቶች ማመንጫ ሸጠች!

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃና ያጨበጭባል። እኔ ግን ያዙልኝ ያልኳችሁ ፓምፕና መቆጣጠሪያ አለ። በ1987ቱ ውል ብዙ ነገር ሲሰጥ ሦስት ነገሮች ግን በኮሪያውያን እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይገቡ ቀርተዋል፤ ዋናው የማቀዝቀዣ ፓምፕ፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱና የንድፍ ስሌት ዋና ፕሮግራሞች። ፕሮግራሞቹን መጠቀም ይቻላል፤ የራስ አድርጎ ለሌላ መሸጥ ግን አይቻልም። በባራካ ፕሮጀክት ላይ ፓምፖቹንና የመቆጣጠሪያ ዕቃዎችን ያቀረበው ዌስቲንግሃውስ ነው። ኮሪያ የራሷን ፓምፕና የራሷን መቆጣጠሪያ የተከለችው በ2022 ሥራ በጀመረው ሺን ሃኑል 1 ላይ ነው። ከ1987 እስከ 2022 ሠላሳ አምስት ዓመት ነው።

ዌስቲንግሃውስ ከየት መጣ? ትሉ ይሆናል፤ ውሉ ከኮምባስሽን ኢንጂነሪንግ ጋር አልነበረም ወይ? ነበር። ግን ኩባንያዎች ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። ኮምባስሽን ኢንጂነሪንግ በ1990 ለኤ ቢ ቢ ተሸጠ፤ የአሥር ዓመቱ ውል በ1997 ሲያልቅ በሌላ የፈቃድ ውል ተተካ፤ በ2000 ደግሞ የኑክሌር ክፍሉ ከዌስቲንግሃውስ ጋር ተቀላቀለ። በዚህ መንገድ በጨረታው የተሸነፈው ኩባንያ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ የአሸናፊው ወራሽ ሆነ። በ2022 ኮሪያ ወደ አውሮፓ ለመሸጥ ስትዘጋጅ ዌስቲንግሃውስ ንድፉ ውስጥ የእኔ ቴክኖሎጂ አለ፣ ያለ አሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ወደ ውጭ አይወጣም ብሎ አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱን ቢዘጋውም ጠቡ በጃንዋሪ 2025 በስምምነት እስኪያልቅ ቀጥሏል። ኮሪያ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር ለዱኮቫኒ ሁለት ሪአክተሮች የተፈራረመችው ከዚያ በኋላ፣ በጁን 2025 ነው። ኦገስት ላይ የኮሪያ ጋዜጦች በስምምነቱ መሠረት ወደ ውጭ ለሚሸጥ ለእያንዳንዱ ሪአክተር ለዌስቲንግሃውስ የሚከፈል ገንዘብና የሚሰጥ ሥራ አለ ብለው ሲዘግቡ አገሩ ተቆጣ። ተምረን ጨርሰናል ያሉት ነገር የባለቤትነት ገመዱ ገና አልተፈታም ነበር።

ገመዱ የኩባንያ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትም ነው። ኮሪያ በ1970ዎቹ ያገለገለ ነዳጅን መልሶ ማጣሪያ ፋብሪካ ከፈረንሳይ ለመግዛት ተስማምታ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ የሚወጣው ፕሉቶኒየም ለቦምብም ስለሚሆን አሜሪካ ተጫነቻት፤ በ1976 ነገሩ ተሰረዘ። በ2015 በተፈረመው የሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረትም ከአሜሪካ ያገኘችውን ነዳጅ ያለ አሜሪካ ፈቃድ ማበልጸግ ወይም መልሶ ማጣራት አትችልም። የኑክሌር ቴክኖሎጂ ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚለየው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ የኮሪያ ማስታወቂያ የጻፍኩ ይመስልብኛል። በፌብሩዋሪ 2012 ኮሪ 1 ላይ ለጥገና በቆመበት ጊዜ ኃይል ጠፍቶ፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ነገሩን ከአንድ ወር በላይ ደበቁት። በ2013 ደግሞ ለደህንነት ሥራ የሚውሉ ገመዶች የጥራት ማረጋገጫ ወረቀት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሪአክተሮች ቆሙ፣ ሰዎች ታሰሩ። ንድፍ ከዊንዘር ይመጣል፤ ስህተትን የመናገር ልማድ ግን በውል አይመጣም።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። ሩሲያ ማመንጫ የምትሰጥበት መንገድ ብዙ ነው። በቱርክ አኩዩ ላይ በ2010ሩ ስምምነት መሠረት ማመንጫውን የምትሠራውም፣ የምታንቀሳቅሰውም፣ ባለቤቱም ራሷ ናት፤ ቱርክ ከምርቱ የተወሰነውን በኪሎ ዋት ሰዓት በ12.35 የአሜሪካ ሳንቲም ለ15 ዓመት ትገዛለች። በግብፅ ኤል ዳባ ላይ ደግሞ ባለቤቷ ግብፅ ናት፤ 25 ቢሊዮን ዶላር የሩሲያ ብድር ወጪውን 85 ከመቶ ይሸፍናል። ሁለቱም አገሮች ተማሪዎች ወደ ሩሲያ ልከዋል። በእኛ የድርጊት መርሐ ግብር ውስጥም የአዋጭነት ጥናትና የባለሙያ ሥልጠና አሉ። ስለዚህ ነገሩን ሲያወሩ ስሰማ ሜጋ ዋቱን አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ ሥልጠናው ለማንቀሳቀስ ነው ወይስ ለመንደፍ? የስሌት ፕሮግራሞቹን እንከፍታለን ወይስ ውጤታቸውን ብቻ እናነባለን? የውሉ ዘመን ሲያልቅ የተማርነው የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከፊርማ በፊት ካልተነሱ በኋላ ዋጋቸው ይወደዳል፤ ኮሪያ እንኳ ሠላሳ አምስት ዓመት ከፍላለች።

ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለምትፈልጉ የክፍላችን ልጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። የ1000 ሜጋ ዋት ማመንጫን የእንፋሎት ማመንጫ ቱቦዎች የሙቀት ማስተላለፍ ስሌት፣ በያዝናቸው የኮርስ መጻሕፍት በግርድፉም ቢሆን መሥራት ይቻላል። እኔ ጀምሬዋለሁ፤ የቱቦዎቹ ቁጥር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። አብሮኝ ሊሠራ የሚፈልግ ካለ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ አልጠፋም።